«ውኃ የሚያቀብለኝ አልነበረም»፦ አምስት ቀን በሐደራ

ከተመለስኩ ጀምሮ የጸሎት ቡድናችን እኅቶች መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተውኛል። «ታንጉት፣ ዝናሽስ? ጌታን ተቀበለች?» ይሉኛል። በአፌ የምመልሰው ነገር አይደለም። ስለዚህ ያየሁትን ከመነሻው ልጻፈው፤ መልሱን እዚያው ፈልጉት።

ለማታውቁኝ፣ ጎንደር ውስጥ የልብስ ስፌት ሱቅ አለችኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ግን የምታወቀው በስፌቴ አይደለም፣ በምስክርነቴ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጀርባ አጥንት ቲቢ ከወገቤ በታች አልታዘዝ አሰኝቶ አልጋ ላይ ጥሎኝ ነበር፤ ዳንኩ። እንግዳ ሰባኪ በመጣ ቁጥር፣ ኮንፈረንስ በተዘጋጀ ቁጥር መድረክ ላይ ወጥቼ ይህንኑ እናገራለሁ። ሰው ያለቅሳል፣ እልል ይላል፤ እጁን አንሥቶ ጌታን ለመቀበል ወደ መድረክ የሚወጣም አለ።

ዝናሽ ደግሞ የልጅነት ጎረቤቴ ናት፤ ቤተ እስራኤል ናት። እስራኤል ከገባች ስምንት ዓመት ሆናት፤ የምትኖረው ሐደራ በምትባል ከተማ ነው። እናቷ እማማ ላቀች አምና ዐረፉ። «ለሙት ዓመታቸው ነይልኝ» ብላ የጥሪ ወረቀት ላከችልኝ። እኅቶች ይህን ሲሰሙ ሰብሰብ ብለው ጸለዩልኝ፤ ትንሽ ሐዲስ ኪዳንም ሰጡኝ። «በሩ ተከፍቶልሻል፤ ምስክርነትሽን አሰሚያት። እሱን ሰምቶ ልቡ ያልተነካ የለም» አሉኝ። እኔም አመንኩ። ደግሞስ ዝናሽን ከእኔ በላይ የሚወዳት ማን ነው? እሷ ጠፍታ እኔ ብቻዬን ብድን ምን ይረባኛል እያልኩ ነው የተነሣሁት።

*ረቡዕ*

የጎንደሩ አውሮፕላን ዘግይቶ ተነሣ። እኔ መጠበቅ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ ከወንበሬ ስነሣ ስቀመጥ አጠገቤ የነበሩ አባት «ልጄ፣ ቁጭ ብትዪም እኮ ይመጣል» አሉኝ። አዲስ አበባ ስደርስ የአጎቴ ልጅ ቤት ምሳ በላሁ፤ ምሳውን ግን አላጣጣምኩትም። ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ለእማማ ላቀች ሙት ዓመት የሚለበስ ነጭ ነጠላ፣ ሁለት ኪሎ ቋንጣ፤ ሐዲስ ኪዳኑ ደግሞ ከታች። ስልኬ ውስጥ የምስክርነቴ ቪዲዮ መኖሩን ሳረጋግጥ ዋልኩ። ምን ነክቶኝ እንደሆን እንጃ፤ ቪዲዮ እግር አውጥቶ አይሄድ!

*ሐሙስ*

እስራኤል አውሮፕላን ማረፊያ ፓስፖርት የምታየው ልጅ ስትጠይቀኝ አንዲት የእኛው አገር ልጅ መጥታ አስተረጎመችልኝ።

«የጋበዘችሽ ሴት ምንሽ ናት?»

«እኅቴ።»

«በእናት ነው በአባት?»

«በጉርብትና።»

አስተርጓሚዋ ሳቀች፤ ለወዲያኛዋ ምን ብላ እንደተረጎመችው አላውቅም። ብቻ ማኅተሙ ተመታልኝ።

የዝናሽ ልጅ ሺራ ልትቀበለኝ መጥታለች። ጎንደር እያለች ስንታየሁ ነበር ስሟ፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላት ነው የወጣችው። አሁን ነርስነት የምትማር ቀንበጥ ሆናለች። «ዶዳ ታንጉት!» ብላ አቀፈችኝ። ዶዳ አክስት ማለት ነው። አማርኛዋ ግማሹ ዕብራይስጥ ነው፤ «በራከቬት ነው የምንሄደው፤ ቴኬፍ ይመጣል፤ አትደክሚም፣ በሰደር?» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ እሺ እሺ እላለሁ። ራከቬት ያለችው ባቡር፣ ቴኬፍ አሁኑኑ፣ በሰደር ደግሞ እሺ ማለት ሆኖ ተገኘ። መሐል ላይ ወርደን ሌላ ባቡር መቀየር ነበረብን፤ እኔ ቸኩዬ የተሳሳተው ውስጥ ዘልዬ ልገባ ስል በነጠላዬ ጫፍ ጎትታ አስቀረችኝ።

ሐደራ ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት ባሕር ዛፍ ነው። እንዴ! ይህን ሁሉ ሰማይ አቋርጬ ባሕር ዛፍ! እንደ ጎንደሩ ግን ቀጭን አይደለም፤ ሦስት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። የሚቆርጠው የለም መሰለኝ። በባሕሩ በኩል የመብራት ኃይል ማመንጫው ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ። ነቬ ሐይም በሚባለው ሰፈር ከአውቶቡስ ወርደን አራተኛ ፎቅ ወጣን። ያ ጀርባዬ ደረጃውን እንደ ፍየል ወጣው፤ «ተመስገን» አልኩ በልቤ።

ዝናሽ በሩ ላይ ቆማለች። ወፍራለች፤ ጸጉሯን በሻሽ ሸፍናለች። ተያይዘን ለእማማ ላቀች አለቀስን፤ እያለቀስንም ከላይ እስከ ታች ታየኛለች። በመጨረሻ «ዙሪ እስቲ» አለች፤ ዞርኩላት። «ሂጂ እስቲ» አለች፤ እስከ መስኮቱ ሄድኩላት። «እሰይ» አለች፤ እንባዋን ጠረገች። የዚያን ጊዜ ጠባይዋን ልብ አላልኩትም።

ከዚያ ቋንጣውን አወጣሁ። ዝናሽ ፌስታሉን አሸተተችና «ማን ያረደው ነው?» አለችኝ።

«ሰው ነዋ! ማን ሊያርደው ኖሯል?»

«አንቺ ሴትዮ! ጎንደር ሳለን አንድ ቀን ከእናንተ ቤት ሥጋ በልቼ አውቃለሁ? እዚህ ሲሆን እበላለሁ ብለሽ?»

እውነቷን ነው። በጎንደር እኛ የእነሱን፣ እነሱም የእኛን ሥጋ አንበላም ነበር። እኔ አውሮፕላን የተሳፈረ ሁሉ ዘመናዊ ይሆናል ብዬ ረሳሁት። ቋንጣዬ ከነፌስታሉ በረንዳ ላይ ተሰቀለ፤ ሲነጋ ፌስታሉ ተቀዳዶ ምንም የለበትም። የዚህ አገር ድመት ብዛቱ ጉድ ነው፤ ማን እንዳረደውም አይጠይቅም።

ያስተኙኝ ማማድ በሚሉት ክፍል ነው። በየቤቱ ለክፉ ቀን የተሠራ፣ ግድግዳው የወፈረ፣ መስኮቱ ብረት የሆነ ክፍል ነው፤ ደህና ቀን ሲሆን እንግዳ ይተኛበታል። ምቹ አልጋ ነበር፤ እንቅልፍ ግን በጄ አላለኝም። ነገ አሰማታለሁ፣ ነገ አሰማታለሁ እያልኩ ስገላበጥ ነጋ።

*ዓርብ*

ጠዋት ሹክ ሄድን፤ ገበያ ማለት ነው። ዓርብ ሰንበት ሊገባ ስለሆነ ሰዉ ይጋፋል፤ ሻጩ እንደ አዘዞ መናኸሪያ ረዳት ይጮኻል። አንድ ቲማቲም ሻጭ ሽማግሌ በነጠላዬ ላይ ያለውን ጥልፍ ዐይተው በዕብራይስጥ አንድ ነገር አሉ። «ማን ጠለፈው ይሉሻል» አለች ዝናሽ፤ ደረቴን መታሁ። እሳቸውም ሁለት ሎሚና አንድ ሮማን ዝም ብለው ከረጢቴ ውስጥ ጨመሩልኝ። ጎንደር ቢሆን ምርቃት እንኳ የምንጣላበት ነገር ነው።

ከቀትር በኋላ ዝናሽ ወጥ ቤት ተቀምጣ ለሰኞው የሙት ዓመት ዝግጅት ምስር ትለቅማለች፤ ሺራ እየታጠበች ነው። ጊዜው አሁን ነው አልኩ። 

«ዝናሽዬ፣ አንድ ነገር ላሰማሽ? የእኔው ነው፤ ስለ መዳኔ የተናገርኩት።»

«አምጪው እስቲ» አለች ደስ ብሏት። «ስለዚያ በሽታ?»

ስልኩን ከምስሩ ሰፌድ አጠገብ ለጌጥ ተቀምጦ ከነበረ ሸክላ ጋር አስደግፌ ከፈትኩት። እኔው ነኝ፤ ነጭ ለብሼ፣ ማይክ ይዤ። ድምፄ ወጥ ቤቱን ሞላው። «ዘመድ ሸሸኝ! ጎረቤት ሸሸኝ! ውኃ የሚያቀብለኝ ሰው እንኳ አልነበረም! ማን ብቻ ነበረ?» ሕዝቡ «ኢየሱስ!» ይላል። «ማን ብቻ?» «ኢየሱስ!» እልልታው ሲቀልጥ ዘወር ብዬ ዝናሽን አየኋት፤ ተነክታ እንደሆነ ለማየት ነው።

እጇ ምስሩ ውስጥ ቆሟል። እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ በቀስታ «ውኃ የሚያቀብልሽ አልነበረም?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አቤት ያ ቅጽበት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ውኃ ያቀበለችኝ ማን ሆና? ቀና ማለት ስለማልችል በማንኪያ ያጠጣችኝ፣ ያገላበጠችኝ፣ ቆሻሻዬን ያጠበችልኝ፣ አዝላ ሆስፒታል ያደረሰችኝ እሷው ዝናሽ አይደለችም? እኔ ዘንግቻት አይደለም። አንድም ቀን ዘንግቻት አላውቅም። ግን መድረክ ላይ ስወጣ ቃሉ እንዲያ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንመሰክረው። ያንን ቪዲዮ ለስንት ሰው ሳሳይ፣ ለእሷ ሊታይ የማይገባ መሆኑ አልታየኝም።

«እሱ እኮ፣ ዝናሽዬ፣ አነጋገር ነው። ምስክርነት እንዲህ ነው የሚባለው» አልኳት።

«እኔ ታዲያ ማን ነበርኩ?»

«አንቺማ… አንቺን ጌታ ነው የላከልኝ!»

«ማንም አልላከኝም» አለች። «በእግሬ ነው የመጣሁ።»

ሰፌዱን አንሥታ ወጣች። ፀሐይ ሳትገባ ሻማ ለኮሰች፣ ራት አቀረበችልኝ፣ «ብዪ» አለችኝ። ከዚያ ሌላ ቃል አልተነፈሰችም። ሐዲስ ኪዳኑን ከሻንጣዬ አላወጣሁትም።

*ቅዳሜ*

ሰንበት ነው። አውቶቡስ የለም፤ ስልክ አይነካም፤ እሳት አይለኮስም። ለሌላው ዕረፍት ነው፤ ለእኔ እስር ቤት ሆነብኝ። ከሳሎን ማማድ፣ ከማማድ በረንዳ ስመላለስ ዝናሽ የጸሎት መጽሐፏን ይዛ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ቤቴ ቢሆን በሩን ዘግቼ ሱቄ እሄድ ነበር፤ እዚህ የት ይኬዳል?

ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ዓመት ስመሰክር ዝናሽን በስሟ ጠርቼ ነበር። ከመድረክ ስወርድ አንድ ወንድም «ክብሩን ከሰው ጋር አታጋሪው፤ ደግሞ የተሰጠሽ አምስት ደቂቃ ነው» ብሎ መከረኝ። ምክሩ ጣመኝ። ለምን ጣመኝ? በሰፈሩ «ያቺ ፈላሻ በዐይኗ በላቻት፤ የምታስታምማትም ለዚያ ነው» የሚሉ ስለነበሩ ነው። እሷ ይህን እየሰማች በየቀኑ በራችንን አንኳኩታ ትገባ ነበር። እኔ ግን ስሟን ሳነሣ ከኋላ ወንበር የሚሰማው ሹክሹክታ አሳፈረኝ። ስሟን አወጣሁት፤ ምስክርነቴም አጠረ፣ አማረ። ይኸው ነው። ክብሩን ለእግዚአብሔር መስጠቴ ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩት።

ሺራ ጭንቀቴን ዐይታ «ዶዳ፣ ነይ እንራመድ» አለችኝ። በእግራችን ክፋር ብራንዳይስ እስከሚሉት ሰፈር ሄድን። መንገዱ ጭር ብሏል፤ በየግቢው አጥር ላይ አበባ ይንዠረገጋል። ልጅቱ ገላዋን እየታጠበች ሁሉን ሰምታለች።

«ኢማ ለምን እንደከፋት ታውቂያለሽ?» አለችኝ፤ ኢማ የምትላት እናቷን ነው።

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ሎ፣ አታውቂም። እኛ የበረርን ጊዜ የኢማ ስምም ወጥቶ ነበር። ሦስታችንም ተጠርተን ነበር። እሷ 'በሽተኛ አለብኝ' ብላ ቀረች። እኔና ሳቭታ ብቻችንን መጣን። ስምንት ወር ያለ እሷ።»

ቆምኩ። ሳቭታ የምትላቸው አያቷን፣ እማማ ላቀችን ነው። ዝናሽ ያኔ «ወረቀቴ ተጓተተ» ነበር ያለችኝ። ተጓተተ! እኔም አምኜ «ጌታ ለእኔ ብሎ አዘገየልኝ» ብዬ ጸልያለሁ።

«አንቺስ? ዐሥር ዓመት እንኳ አልሞላሽም ነበር» አልኳት።

«በየቀኑ ነበር የማለቅስ» አለች። «ሳቭታ 'እናትሽ ሰው እያዳነች ነው' ትለኝ ነበር። አንቺን ጠልቼሽ ነበር ቅጻት። ቅጻት ማለት ትንሽ ነው።» ሳቅ ብላ ክንዴን ያዘችኝ። «አሁን አልጠላሽም።»

መንገድ ዳር ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የሚያልፉ ሰዎች ሲያዩን ልጅቱ «በሰደር፣ በሰደር» እያለች ታሰናብታቸዋለች።

*እሑድ*

ቄስ ብርሃኑ ስለ ሰኞው ጸሎት ሊነጋገሩ መጡ። ነጭ ጥምጥም፣ በእጃቸው ጭራ፣ ከጎናቸው ጃንጥላ፤ ጎንደር የማውቃቸውን የቤተ እስራኤል ቄሶች ቁርጥ ናቸው። ዝናሽ ዕቃ ልታመጣ ስትወርድ ተጠጋኋቸው፤ ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ጴንጤ መሆኔን፣ ምን አስቤ እንደመጣሁ፣ ቪዲዮውን ሳይቀር። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«አባ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝና ያስታርቁኝ» አልኳቸው።

ጭራቸውን ወዘወዙ። «እኔ ብገባ ለእኔ ስትል እሺ ትልሻለች። ይህ እርቅ ነው? ምን ብለሻት ነው የከፋት?»

«ሰው አልነበረኝም ብዬ።»

«ለእሷ ነው የተናገርሽው?»

«አይ፣ ለሕዝብ።»

«እንግዲያ ለእሷ ብቻ ይቅርታ ብትያት ምን ይበጃል?» አሉኝ። ቀጥለውም «እኛም አምላክን እናመሰግናለን፤ እሱ ምስጋና አያንሰውም፣ ልጄ። ላቀች ግን የምስጋና ወረፋ ይዛለች፤ ነገ በሙት ዓመቷ ስለ እሷ የሚናገር ቢገኝ ጥሩ ነው» አሉ።

ወረፋ ማለታቸው አሳቀኝ። መድረክ ፈርቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ዝናሽ ጎን ቆሜ ሽንኩርት ስከትፍ ሐሳቤ ሁሉ የነገው ንግግር ላይ ነበር። «ጣትሽን እንዳትቆርጪ» አለችኝ። በሁለት ቀን ውስጥ የተናገረችኝ ረጅሙ ነገር ይኸው ነበር።

*ሰኞ*

እዚህ ሙት ዓመቱን አዝካራ ይሉታል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ያው ተዝካር ነው የሚሉት። ጠዋት መቃብሩ ዘንድ ሄደን ተጸለየ። ከዚያ በሰፈሩ ካለ አዳራሽ ገባን፤ ስድሳ የሚሆን ሰው ነበር። ሽማግሌዎቹ ነጭ ለብሰዋል፤ ወጣቶቹ ከሥራ ልብሳቸው ጋር መጥተዋል። ቄሱ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። እኛ ተዝካር አንበላም፤ ታውቃላችሁ። ቁራሹ እጄ ላይ ሲደርስ እኅቶች በዐይኔ መጡብኝ። በላሁት። የእማማ ላቀችን ዳቦ እንቢ ለማለት የሚሆን ፊት አልነበረኝም።

አንድ ሁለት ሰው ስለ እማማ ደግነት ተናገረ። ከዚያ ቄስ ብርሃኑ በጭራቸው አመለከቱኝ። «ይህች ከጎንደር የመጣች የላቀች ጎረቤት ናት። ተናገሪ፣ ልጄ።»

ተነሣሁ። ዝናሽ ከኋላ በር አጠገብ የሻይ ትሪ ይዛ ትታየኛለች። አፌ እንደለመደው «ታምሜ ነበር፤ ዘመድ ሸሸኝ» አለ። ይህስ እውነት ነበር። «ጎረቤት ሸሸኝ» ልል ስል ቃሉ ምላሴ ላይ ቆመ።  

«አንዲት ጎረቤት ግን አልሸሸችም» አልኩ። «ዝናሽ ትባላለች። ስሟ ለበረራ ወጥቶ ሳለ ለእኔ ብላ ቀረች። እማማ ላቀች በስተርጅና የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወደማያውቁት አገር መጡ፤ ልጃቸውን ለእኔ ትተውልኝ። እኔ ይህን የሰማሁት ከትናንት በስቲያ ነው። ያዳነኝ አምላክ ነው፤ ይህን እስክሞት እናገራለሁ። ግን ይህን ሁሉ ዓመት እሱን ሳመሰግን የሰጠኝን ሰው ደብቄ ነው። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው የደበቅኳት። እማማ ይቅር ይበሉኝ። እናንተም ይቅር በሉኝ።»

አንዲት ሽማግሌ ሴት «ይቅር ይበልሽ፣ ይቅር ይበልሽ» አሉ። ወደ በሩ ማየት አቃተኝ፤ ዐይኔን መሬት ላይ ተክዬ ቀጠልኩ። «ቀና ማለት አልችልም ነበር። አራት ወር ሙሉ በማንኪያ ውኃ አጠጣችኝ…»

«ስድስት!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ሁሉም ዞረ። ዝናሽ ትሪውን እንደያዘች ወደ መሐል መጥታለች፤ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ።

«አራት ወር ትላለች እንዴ! ከሰኔ እስከ ኅዳር ስንት ነው? ስድስት ነው! ከዚያስ በኋላ ዳዴ ስትል ማን ደገፋት? በዱላ ቁሚ ስላት እንቢ ብላ ማን ነው ስታለቅስብኝ የዋለች? መድኃኒቱን አልውጥም ብላ ከፍራሹ ሥር ስትደብቅ ያገኘኋት እኔ አይደለሁም? እሱንም ተናገሪ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሺራ አፏን በእጇ ይዛ ትንፈቀፈቃለች። ቄሱ ሳይቀሩ ፊታቸውን በጭራቸው ጋረዱ። ዘጠኝ ዓመት ስመሰክር አሜን የሚለኝ እንጂ የሚያርመኝ አልነበረም፤ በሕመሜ ጊዜ አጠገቤ የነበረ ሰው ሰምቶኝ አያውቅማ።

ዝናሽ ትሪውን አስቀምጣ አጠገቤ ቆመች። «ቀጥዪ እንጂ» አለችኝ። «እዚህ ነኝ፤ ስትሳሳቺ እነግርሻለሁ።»

«ስድስት ወር» አልኩ ጮክ ብዬ፤ ከመጀመሪያውም ጀመርኩ።